የምድር ወሰንና የልጅ ቁመት

የሰው ልጅ ወደፊት እስከ ምን ድረስ ሊለማና ሊያድግ ይችላል? የመሬቱ ጥበት፥ የውኃው ማነስ፥ የአፈሩ መሳሳትና የአየሩ መለወጥ ዕድገቱን ይገቱበታልን? ይህ ጥያቄ በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ የሚነሣ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በላስታ ደጋ ላይ ለሚያርስ፥ በኩልመስክ ገበያ እህል ለሚሸምት፥ ልጁንም ወደ ትምህርት ቤት ለሚሰድ ሰው ጥያቄው የዕለት ኑሮ ነው። ስለ ንጽሕናና ስለ ጤና በሚጻፍበት በዚህ ገጽ ስለ ምድር ወሰን መናገራችን ከነገር መውጣት እንዳይመስልብን፥ አስቀድመን ሐሳባችንን በአጭሩ እንገልጻለን። የምድር ወሰን መጀመሪያ የሚጻፈው በሕፃን ሰውነት ላይ ነው። ስለዚህ የአንድን አገር የወደፊት ዕድል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከተራራውና ከደመናው አስቀድሞ የልጆቹን ቁመት ይለካ።

ስለዚህ ነገር ሁለት ዓይነት አነጋገር ሲነገር ኖሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1798 ዓ.ም. ቶማስ ማልተስ የተባለው እንግሊዛዊ ቄስ፥ ሕዝብ ከእህል ይልቅ ፈጥኖ ስለሚበዛ ረኀብና ደዌ ከሰው ልጅ አይለዩም የሚል ጽሑፍ አወጣ። በዚያው አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የሮም ክበብ የተባለው ማኅበር ያስጠናው «የዕድገት ወሰኖች» የተሰኘው መጽሐፍ ይህንኑ ፍርሃት በአዲስ ስሌት አቀረበ። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ፥ ማልተስ በጻፈበት ዘመን አንድ ቢሊዮን ያህል የነበረው የዓለም ሕዝብ ዛሬ ከስምንት ቢሊዮን ማለፉን ጠቅሰው፥ የሰው ጥበብ ወሰን የለውም ይላሉ።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ወሰንን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርገው በመቁጠራቸው ነገሩን አደናግረውታል። እኛ ወሰንን በሦስት ከፍለን እናያለን። አንደኛው ሰውነት ራሱ በብዙ ዘመን የሚለምደው ነው። ሁለተኛው የሰው እጅ ወዲያና ወዲህ የሚያንቀሳቅሰው ነው። ሦስተኛው የተፈጥሮ እየተባለ የሚጠራ፥ በእውነቱ ግን ሰው ራሱ የሠራው ነው።

ለመጀመሪያው ወሰን ምሳሌ የሚሆነን ከፍታ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራም ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታ በጨመረ መጠን አየሩ ስለሚሳሳ፥ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን ያንሳል። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን የተባለውን፥ በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ቀይ ነገር በብዛት በመሥራት ይህን ይቋቋሙታል። በ1995 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት ግን፥ በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የደማቸው ሄሞግሎቢን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ያልበለጠ፥ ኦክሲጅናቸውም ያልጎደለ ሆኖ መገኘቱን ገለጠ። የደጋው ሰው ሰውነት በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ለከፍታ የራሱን መልስ እንደ ሰጠ ከዚህ እንረዳለን።

ታዲያ ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ሰዎች «ሰውነታችን ብርዱንና ከፍታውን እንደ ለመደ ሁሉ የእህል ማነስንም ለምዷል፤ ልጆቻችን ቢያጥሩ የዘራችን ጠባይ ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር እጅግ የተሳሳተ ነው። ልጅ ከተፀነሰበት ቀን አንሥቶ ሁለተኛ ዓመቱን እስኪፈጽም ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ ምግብ ሲያንሰውና ተቅማጥ ሲደጋግመው፥ ሰውነቱ ነፍሱን ለማቆየት ሲል ዕድገቱን ይተዋል። መቀንጨር ያልነው ይህ ነው። የቀነጨረ ልጅ ቁመቱ ብቻ አይደለም የሚጎድለው፤ በሽታን የመከላከል ኃይሉና ትምህርት የመቀበል ችሎታውም ይደክማል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ አጥንቷ ሳይሰፋ ስለሚቀር በምትወልድበት ጊዜ ምጥ ይጸናባታል። ይህ ልምድ ሳይሆን ቁስል ነው፤ ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋል።

ቁመት የዘር ዕጣ ብቻ አለመሆኑን የኔዘርላንድ ሕዝብ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል። ከመቶ ሰባ ዓመታት በፊት ለውትድርና የሚመዘገቡት የዚያ አገር ጎልማሶች በአማካይ 165 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበሩ። ዛሬ ወንዶቻቸው በአማካይ 180 ሴንቲ ሜትር አልፈው ከዓለም ሕዝብ ሁሉ ረጃጅሞች ተብለዋል። ከምድራቸው ሩብ የሚሆነው ከባሕር ወለል በታች ያለ፥ በግድብ የተጠበቀ መሬት ነው። ምድራቸው ጠባብና ዝቅተኛ ስለሆነ ቁመታቸው አልተገታም። በእኛም አገር ነገሩ ሲሻሻል አይተናል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የኢትዮጵያ ልጆች ከመቶው 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 38 ወርዷል። ሆኖም በዚያው ዓመት በአማራ ክልል ከመቶው 46 ነበር። ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀረው ይህ ቁጥር ማንንም መምህር ሊያስተኛው አይገባም።

ወደ ሁለተኛው ወሰን፥ የሰው እጅ ወደሚያንቀሳቅሰው እንለፍ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ስላለቀ፥ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብና ሥራ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዪቱን ከመፍለስ ያዳናት በ1887 ዓ.ም. ግድም ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። የማገዶ እጦት ከተማን ሊያስነቅል ይችል የነበረ ወሰን ነው፤ አንድ ዛፍ ግን ያንን ወሰን ገፋው። ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ውኃ አብዝቶ ስለሚስብ ከምንጭ አጠገብ እንዳይተከል ዛሬ እንመክራለን፤ አንዱን ወሰን የሚገፋ ነገር ሌላውን ሊያቀርብ ይችላልና።

ስለ ላስታና ስለ አካባቢው ሲነገር፥ ምድሩ በቅርቡ በደን የተሸፈነ ነበር፥ አሁን ግን አርጅቶ አለቀለት የሚል ለቅሶ ይበዛል። በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር በትግራይ በላስታና በዋድላ አድርጎ ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረውት ነበሩ። የቤልጅክና የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከ140 ዓመት በኋላ በሰሜን ኢትዮጵያ እነዚያ ሥዕሎች በተነሡባቸው ቦታዎች ቆመው ዳግመኛ ፎቶግራፍ አነሡ፤ ውጤቱንም በ2001 ዓ.ም. አሳተሙ። ኮረብታዎቹ ያን ጊዜም የተራቆቱ ሆነው ተገኙ። እንዲያውም በአብዛኛው ቦታ ዛፉና እርከኑ በዛሬው ሥዕል በዝቶ ታየ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ብዙ እጥፍ ጨምሯል፤ ምድሩ ግን እርከን በተሠራበትና ከከብት በተከለለበት ሥፍራ ማገገም ችሏል። በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው የጽድ ደንም በላስታ ተራራ ላይ ዛፍ ሊቆም መቻሉን በየቀኑ ይመሰክራል። የተጠበቀ ስለሆነ ቆሟል።

ይህን ስንል አደጋው ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋዎች ከታረሰ መሬት በየዓመቱ በሄክታር በአማካይ 42 ቶን ያህል አፈር በጎርፍ እንደሚወሰድ ተገምቷል። ማገዶ ሲያንስ ደግሞ ኩበቱና የእህሉ አገዳ ወደ ምድጃ ይገባል፤ አፈሩም ማዳበሪያውን ያጣል። የዚያ ምድጃ ጢስ የእናትንና በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን ሳንባ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለ2020 ባወጣው ግምት፥ የቤት ውስጥ ጢስ በዓለም ላይ በአንድ ዓመት 3.2 ሚሊዮን ሰዎችን ለሞት ዳርጓል። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ስለሚችል፥ አንድ ምድጃ እርሻንም ሳንባንም በአንድነት ይረዳል።

ወሰኑ ደግሞ ሁልጊዜ ባለበት አይቆምም፤ ወደ እኛ የሚገፋም አለ። አባቶቻችን ከቆላው ንዳድ ሸሽተው ደጋውን የመረጡት በከንቱ አልነበረም፤ ወባ በአገራችን በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች የሚገኝ በሽታ ነው። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ሙቀቱና ዝናቡ ከልማዱ ውጭ ስለ በዛ፥ ወባ ወደ ደጋው ወጥቶ ከ3 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን ያዘ፤ የሞቱትም 150,000 ያህል እንደ ሆኑ ተገመተ። በ2006 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ደግሞ በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ደጋዎች ሞቃት በሆኑት ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ በቁጥር አሳየ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት 1.3 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። ስለዚህ የደጋ ሰው «ወባ የቆላ ነው» ብሎ እንዳይዘናጋ፥ ትኩሳት ሲይዘው ፈጥኖ እንዲመረመር እንመክራለን።

ሦስተኛው ወሰን የተፈጥሮ ስም የተሰጠው የሰው ሥራ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን የመጣው ከውጭ በገባ የከብት በሽታ የእርሻው በሬ ስላለቀና ድርቅና አንበጣ ስለ ተጨመረበት ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ግን ወሎ ሲራብ ነገሩ ተደብቆ ቆየ። አማርትያ ሴን የተባለው ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ በአገሪቱ ውስጥ የነበረው እህል ያን ያህል እንዳልጎደለ፥ የወሎ ገበሬ ግን የሚሸምትበት አቅም እንዳጣ፥ እንዲያውም ከወሎ የተጫነ እህል እንደ ነበረ አስረዳ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነትና የመንግሥት ቸልታ በድርቁ ላይ ተደርበው ብዙ መቶ ሺህ ሰው አለቀ። በ2008 ዓ.ም. ብርቱ ድርቅ ሆኖ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ሲያሻው ግን በ1977 የታየው ዓይነት እልቂት አልደረሰም። ልዩነቱን ከደመናው አናገኘውም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን፥ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም፥ የተሠራው መንገድና በጊዜው የተነገረው ወሬ ያመጡት ልዩነት ነው። ጦርነት በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ወደ ላስታ ሲዘልቅ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት እንዴት እንደ ተጎዱ አንባቢያን በዓይናቸው አይተዋል። ሰላም ሲጠፋ ወሰኑ ሁሉ ይጠብባል።

ስለ ሕዝብ ብዛትም ዝም ብለን አናልፍም። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 42 ሚሊዮን ያህል የነበረው ሕዝባችን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን አልፎ፥ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ እንደ ሆነ ይገመታል። ነገር ግን አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት 5.5 በ2008 ዓ.ም. ወደ 4.6 ዝቅ ብሏል። ሴት ልጅ በትምህርቷ በቆየች መጠን ዘግይታ ታገባለች፥ አራርቃም ትወልዳለች። ማልተስን የምትረታው በክፍላችሁ የተቀመጠችው ልጅ ናት።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ፥ ወደ ንጽሕና እንመለስ። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ይህ የዓይን በሽታ በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል፤ ዝንቡም የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው። መድኃኒቱ ቢሰጥም፥ ፊት ካልታጠበና መጸዳጃ ካልተቆፈረ በሽታው ይመለሳል። ስለዚህ «ታጠቡ» እንላለን። ነገር ግን በምን ውኃ?

እንቁጠረው። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለአንድ የገጠር ሰው በቀን 25 ሊትር ውኃ፥ ከ1 ኪሎ ሜትር በማይርቅ ቦታ መለኪያ አድርጎ ነበር። አምስት ነፍስ ላለበት ቤት ይህ 125 ሊትር ነው፤ 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ከስድስት ጊዜ በላይ መመላለስን ይጠይቃል። ምንጩ ደርሶ ለመመለስ አንድ ሰዓት የሚወስድ ቢሆን፥ ስድስት ሰዓት ይሆናል። እናት ሁለት ጊዜ ብቻ ብትወርድ ለአንድ ሰው 8 ሊትር ይደርሳል፤ ከዚያም መጠጡ፥ ወጡና ሊጡ ይነሣል። እንደዚህ ላለ ቤት የንጽሕና ስብከት ብቻ ማድረስ ባዶ ማድጋ እንደ መስጠት ነው።

ይህንንም የውጭ አገር ልምድ አጽንቶታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 እና በ2019 ዓ.ም. ከኬንያ፥ ከባንግላዴሽና ከዚምባብዌ የታተሙት ታላላቅ ጥናቶች፥ እጅ ማስታጠብና ቀላል መጸዳጃ ማሠራት ብቻውን የልጆችን ቁመት እንዳልጨመረ ገለጡ። ይህን ሰምቶ ንጽሕና አይጠቅምም የሚል ቢኖር ነገሩን አላስተዋለውም። ጥናቶቹ የሚያስተምሩት ግማሽ ሥራ ሙሉ ልጅ እንደማያሳድግ ነው። ውኃው በብዛትና በቅርብ፥ መጸዳጃው በየቤቱ፥ ምግቡም በየዓይነቱ በአንድነት ሲገኙ ልጅ በሚገባ ያድጋል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የወጣው፥ በጎረቤታችን በሰቆጣ ስም የተጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2030 ለማጥፋት ሲያቅድ ጤናን፥ እርሻን፥ ውኃንና ትምህርትን ያጣመረው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ መምህራንና የከተማው ነዋሪዎች ምን ያድርጉ? አራት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፥ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየዓመቱ በመስከረም የአንደኛ ክፍል ልጆችን ቁመት ከዕድሜያቸው ጋር ይመዝግብ። ለዚህ የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ ግድግዳ፥ ሜትርና መዝገብ ብቻ ነው። የአንድ ልጅ ቁመት በሌሎች ፊት አይነበብ፤ የክፍሉ አማካይ ግን በየዓመቱ ከአምናው ይተያይ። ዝናብን በመለኪያ ዕቃ እንደምናውቅ ሁሉ የአካባቢውን ኑሮ በዚህ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ቁመት የሚነግረን ከአምስት ዓመት በፊት ያለፈውን ችግር ነው። የዛሬውን የሚነግረን ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ነው፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሕይወቱ ያሰጋዋልና ሳይዘገይ ወደ ጤና ኬላ ይወሰድ። በ1965 ዓ.ም. የወሎን ረኀብ መደበቅ የተቻለው የልጆቹ ሰውነት በየመንደሩ ተለክቶ ስላልተጻፈ ጭምር ነው። በየትምህርት ቤቱና በየጤና ኬላው የተጻፈ ቁጥር ግን በቀላሉ አይደበቅም።

ሁለተኛ፥ ምንጭ ይጠበቅ። ዙሪያው ይታጠር፤ ከብት የሚጠጣበት ከሰው መቅጃ በታች ይሁን፤ ከበላዩ ያለው ተረተር ይከለል፥ አገር በቀል ዛፍም ይተከልበት። እርከኑ የገበሬው ብቻ አይምሰለን፤ እርከን ያዘገየው ዝናብ ወደ መሬት ሰርጎ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል።

ሦስተኛ፥ ጥቂቱን ውኃ በጥበብ እንጠቀም። የልጅን ፊት ለማጠብ ከአንድ ጽዋ ብዙ አይበልጥም። በጎኑ የተበሳ ትንሽ ጀሪካን ከመጸዳጃው ደጃፍ ቢሰቀል ብዙ እጅ ያስታጥባል፤ ሳሙና ቢታጣ ንጹሕ አመድ ይተካዋል።

አራተኛ፥ ውኃና መጸዳጃ ለሌለው ትምህርት ቤት የከተማው ሰው ይቆርቆርለት። ደርሰው የመጡ ልጃገረዶች ከትምህርት የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት ይህ እጦት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ ለእድርና ለማኅበር የሚሰበሰብ ከተማ ለአንድ የውኃ ማጠራቀሚያ መሰብሰብ አያቅተውም።

ተራራውን ዝቅ ማድረግ አንችልም፤ ዝናቡንም በትእዛዝ አናመጣም። አፈሩን ማቆየት፥ ምንጩን መጠበቅ፥ ጢሱን መቀነስ፥ የሕፃኑን ክንድ መለካትና ችግር ሲታይ በጊዜው መናገር ግን በእጃችን ነው። በእጃችን ያለውን ሳንሠራ የቀረውን ሁሉ የተፈጥሮ ወሰን ብለን ብንጠራው ፍርድ ማጓደል ይሆንብናል። የሚመጣው መስከረም የትምህርት ቤቱ ደጅ ሲከፈት፥ መምህራን ሆይ፥ ከስም መዝገቡ አጠገብ የቁመት መዝገብ ክፈቱ።